ጆን ካኒ፦ በባዶ መድረክ ከተማ የሚሠራ ተዋናይ

በ2016 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በወጣው «ካፕቴን አሜሪካ፦ ሲቪል ዋር» ፊልም ውስጥ አንድ አዛውንት ንጉሥ ብቅ ይላል። ከልጁ ጋር ጥቂት ቃላት ይለዋወጣል፤ ቪየና ላይ ለጉባኤ ንግግር እያደረገ ሳለም በፈነዳ ቦምብ ይሞታል። የንጉሥ ትቻካ ሚና በዚያ ፊልም ውስጥ ከዚህ አይበልጥም። ሚናውን የያዘው ደቡብ አፍሪካዊው ጆን ካኒ ግን በእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ያደረገው ነገር ከሁለት ዓመት በኋላ ለወጣው «ብላክ ፓንተር» መሠረት ሆነ። አባትና ልጅ ብቻቸውን ሲያወሩ በእንግሊዝኛ መነጋገራቸው አልዋጥ ስላለው በአፍ መፍቻው በኮሳ እንዲነጋገሩ ሐሳብ አቀረበ። ልጁን የተጫወተው ቻድዊክ ቦዝማን ቃላቱን ከእሱ አጠና፤ ዋካንዳ የተባለችው ምናባዊት አገርም ከዚያ ወዲህ በኮሳ የምትናገር ሆነች። በትንሽ ሚና የገባ አንድ ተዋናይ ለአንድ ሙሉ አገር ልሳን ሰጥቶ ወጣ ማለት ነው። ካኒን በሲኒማ ብቻ የሚያውቀው ተመልካች ይህን እንደ መልካም አጋጣሚ ያየው ይሆናል። የመድረክ ታሪኩን ለሚያውቅ ግን የሃምሳ ዓመት ልማዱ ነው።

ስለ ሁለገብ ተዋናይ ስናወራ አብዛኛውን ጊዜ የምንቆጥረው የመልኩን መለዋወጥ ነው። ጢሙን ስንት ጊዜ እንዳሳደገ፣ ስንት ኪሎ እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ፣ ባለፈው ፊልም ወንበዴ ሆኖ በዚህኛው ቄስ መሆኑን እናነሣለን። መመዘኛው ዋጋ የለውም አልልም። ነገር ግን የሚመዝነው ከኋላው የሜካፕ ባለሙያ፣ የአልባሳት ክፍልና በቂ በጀት ያለውን ተዋናይ ነው። ከእነዚህ አንዱም ያልነበረው ተዋናይ ሌላ ዓይነት ሚዛን ይጠይቃል፤ በአንድ አካል፣ ሸሚዙን እንኳ ሳይለውጥ፣ ስንት ሰው ፊታችን ማቆም ይችላል? ክርክሬ የካኒ ሁለገብነት ከእጦትና ከክልከላ የተወለደ የመድረክ ሙያ መሆኑ ነው። በፊልም ያገኛቸውን ጠባብ ሚናዎች ያሰፋቸውም ይኸው ሙያ ነው። ስለዚህ መድረኩን የጥበብ ሥራው፣ ፊልሙን የእንጀራ ገመዱ አድርጎ ዕድሜውን ለሁለት የሚከፍለው የተለመደ አስተያየት ትክክል አይመስለኝም።

ካኒ በ1943 የተወለደው በፖርት ኤልዛቤት ከተማ ዳር፣ ጥቁሮች እንዲኖሩበት በተከለለው ኒው ብራይተን ሰፈር ነው። በዚያ ሰፈር በ1963 «ሰርፐንት ፕሌየርስ» የተባለ የቴአትር ቡድን ተቋቁሞ ነበር። አባላቱ ቀን በፋብሪካ፣ በትምህርት ቤትና በሰው ቤት ሠርተው ማታ የሚለማመዱ ሰዎች ሲሆኑ፣ አብሯቸው የሚሠራው ነጩ ጸሐፌ ተውኔት አቶል ፉጋርድ ነበር። ካኒ በ1965 ተቀላቀላቸው፤ የዕድሜ ልክ የመድረክ አጋሩ የሆነው ዊንስተን ንቾናም ተከትሎ መጣ። ቡድኑ ሶፎክሊስን፣ ብሬኽትን፣ ቡሽነርን ይሠራ ነበር። የሚሠራው ግን ፖሊስ ልምምድ መሐል እየገባ፣ አባላቱም እየታሰሩ ነው። ጥቁር ሰው «ተዋናይ» ተብሎ የሚመዘገብበት የሥራ መደብ አልነበረም። ካኒና ንቾና ሙሉ ጊዜያቸውን ለቴአትር ለመስጠት ሲወስኑ በሰነድ የፉጋርድ የቤት አገልጋዮች ሆነው መመዝገብ ነበረባቸው። አዘጋጅ፣ መብራትና መጋረጃ ሳይሟላለት የሚሠራ ተዋናይ በየአገሩ ሞልቷል፤ የገዛ ሙያው ስም በሕግ የተነፈገው ግን ጥቂት ነው።

ከዚህ ሁኔታ ነው በጥቅምት 1972 በኬፕ ታውን «ዘ ስፔስ» ቴአትር ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው «ሲዝዌ ባንዚ ሞቷል» የወጣው። የተውኔቱ መነሻ አንድ ፎቶግራፍ ነበር፤ በአንድ እጁ ፒፓ፣ በሌላው ሲጋራ ይዞ በደስታ ፈገግ ያለ ሰው። ሦስቱ፣ ማለትም ፉጋርድ፣ ካኒና ንቾና፣ ይህ ሰው በዚህ አገር ምን አገኘና ነው እንዲህ የሳቀው ብለው በመጠየቅ በልምምድ ፈለፈሉት። ያገኙት መልስ የሞተ ሰው የይለፍ ደብተር ነው። ሲዝዌን በደብተሩ ላይ የተመታው ማኅተም ከፖርት ኤልዛቤት ውጣ ይለዋል፤ ካልወጣ ይታሰራል፣ ከወጣ ልጆቹ ይራባሉ። እሱና ቡንቱ የተባለ ሰው በሌሊት መንገድ ላይ የወደቀ አስከሬን ያገኙና የሟቹ ደብተር የመኖሪያ ፈቃድ ያለበት ሆኖ ይገኛል። ፎቶው ከአንዱ ደብተር ወደ ሌላው ይለጠፋል፤ ሲዝዌ በስሙ ይሞትና በሟቹ ስም ይኖራል። ንቾና ሲዝዌን ሲጫወት፣ ካኒ ፎቶ አንሺውን ስታይልስንም፣ ደብተሩን እንዲለውጥ የሚገፋፋውን ቡንቱንም ይጫወታል።

የካኒን ሙያ ለመመርመር የሚበጀው የተውኔቱ መክፈቻ ነው። ስታይልስ ጋዜጣ ይዞ ብቻውን ይገባል፤ ርዕሶቹን እያነበበ ሐሳቡን ይሰጣል። ከዚያም ይሠራበት የነበረውን የፎርድ መኪና ፋብሪካና ትልቁ ሰውዬ ሄንሪ ፎርድ ዳግማዊ ከአሜሪካ ለጉብኝት የመጡበትን ቀን ይተርካል። ካኒ ራሱ በዚያው ከተማ የፎርድ ፋብሪካ ሠርቷልና የሚያወራው በዓይኑ ያየውን ዓለም ነው። ማሽኖቹ ይታጠባሉ፣ ለሠራተኛው አዲስ ቱታ ይታደላል፣ ደስተኛ መስላችሁ ታዩ ይባላል። ነጩ አለቃ በእንግሊዝኛ ያዝዛል፤ ስታይልስ ለሠራተኞቹ ይተረጉማል፤ የሚተረጉመው ግን የአለቃውን ቃል ብቻ ሳይሆን ሠራተኛው ስለ አለቃው የሚያስበውንም ነው። እዚህ ላይ አንድ ተዋናይ በአንዲት ደቂቃ ውስጥ አራት ሰው ሆኖ ይቆማል። አንዱ የሚያዝዘው አለቃ ነው። ሁለተኛው በአለቃው ፊት አንገቱን የሚደፋው ሠራተኛ፣ ሦስተኛው ፊቱን ወደ ጓደኞቹ ሲያዞር ቀና የሚለው ያው ሠራተኛ ነው። አራተኛው ደግሞ ያን ሁሉ አልፎ፣ የራሱን ፎቶ ቤት ከፍቶ፣ ዛሬ ታሪኩን ለእኛ የሚያወጋው ስታይልስ። በአራቱ መካከል ጨለማ የለም፤ ልብስ መቀየሪያ ጊዜም የለም። ሽግግሩ የሚሠራው በትከሻ፣ በአገጭና በድምፅ ፍጥነት ነው። በእኔ ግምት በሃያኛው ክፍለ ዘመን አፍሪካ ቴአትር ውስጥ ለተዋናይ ከተሰጡ መነባንቦች ይህን የሚያህል ከባድ ፈተና ጥቂት ነው፤ ካኒም ይህን ፈተና የተቀበለው ከሌላ ሰው እጅ ሳይሆን ራሱ በልምምድ አዘጋጅቶት ነው።

ጋዜጣው ሌላም ሥራ አለው። ካኒ የሚያነበው የዕለቱን ጋዜጣ ስለነበር የመክፈቻው ቃል እንደ ቀኑና እንደ ከተማው ይለዋወጣል። ተመልካቹ ጠዋት ያነበበው ዜና ማታ መድረክ ላይ ይጠብቀዋል። በኒው ብራይተን በታየበት ጊዜ ተመልካቾች ከመቀመጫቸው ተነሥተው ሲዝዌ ደብተሩን ይለውጥ ወይስ አይለውጥ እያሉ ተከራክረዋል፤ ምክር የሰጡትም ነበሩ። እንዲህ ያለ አዳራሽ ውስጥ የሚሠራ ተዋናይ ቃሉን ሸምድዶ መወጣት አይችልም። ሰዉ ሲናገር ማዳመጥ፣ መመለስ፣ ክርክሩን መልሶ ወደ ታሪኩ ማስገባት ይኖርበታል። ይህ የማዳመጥ ችሎታ በኋላ በካሜራ ፊት ብዙ ጠቅሞታል፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

በ1973 የቀረበው «ደሴቲቱ» የሙያውን ሌላ ወገን ያሳያል። በሮበን ደሴት እስር ቤት ያሉ ሁለት እስረኞች ታሪክ ነው፤ ስማቸውም የተዋናዮቹ የራሳቸው ስም፣ ጆን እና ዊንስተን። ስለ እስር ቤት ሁኔታ መጻፍ በሕግ ስለሚያስቀጣ ኬፕ ታውን ላይ መጀመሪያ የታየው በሌላ ርዕስ ነበር። ተውኔቱ የሚከፈተው ያለ ቃል ነው። ሁለቱ ሰዎች በሌለ አካፋ የሌለ አሸዋ ይዝቃሉ፤ በሌለ ጋሪ ይገፋሉ፤ አንዱ የቆፈረውን ጉድጓድ ሌላው ባመጣው አሸዋ ይሞላዋል፤ ይህም ተመልካቹ ትርጉም የለሹን ድካም በራሱ ጀርባ ላይ እስኪሰማው ድረስ ይቀጥላል። በኋላ ላይ ካኒ አንዲት ባዶ የቆርቆሮ ኩባያ እንደ ስልክ ጆሮው ላይ ይይዝና ኒው ብራይተን ካሉ ወዳጆቹ ጋር ያወራል። ከወዲያኛው ጫፍ የሚመጣ ድምፅ የለም፤ ሰፈሩ ግን በሙሉ እስር ክፍሉ ውስጥ ይገባል። ታሪኩ የሚያመራው ሁለቱ እስረኞች ለእስር ቤቱ ዝግጅት የሶፎክሊስን «አንቲጎኔ» ወደ መሥራት ነው። ዊንስተን አንቲጎኔን፣ ጆን ንጉሥ ክሬዎንን ይሆናል። ይህ ከልብ ወለድ የመጣ አይደለም። የሰርፐንት ፕሌየርስ አባል የነበረ ተዋናይ ታስሮ ወደ ደሴቱ ከተላከ በኋላ እዚያው የ«አንቲጎኔ»ን ትዕይንት አሳይቷል። በ1962 ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና የወሰደው፣ አገሩ ሲመለስ የተያዘው ኔልሰን ማንዴላም በደሴቱ እስር ቤት በዚሁ ተውኔት ክሬዎንን ተጫውቷል። የሕግ አስከባሪውን ንጉሥ የሕግ እስረኛ ሲጫወተው ሚናው የሚጠይቀው ነገር ከባድ ነው፤ የጨቋኙን ሐሳብ ከውስጥ ሆኖ፣ እስከ መጨረሻው አሳማኝ አድርጎ መናገር። ካኒ ክሬዎንን አላቃለለውም። ተውኔቱ የሚቆመውም በዚህ ላይ ነው፤ ንጉሡ ደካማ ቢሆን የአንቲጎኔ እምቢታ ክብደት ያጣ ነበር።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ ቀላልም አይደለም። ዓለም ለእነዚህ ሥራዎች ያጨበጨበው ለትወናው ሳይሆን ለፖለቲካው ነው የሚል። ሁለቱ ተውኔቶች ለንደን ከታዩ በኋላ በ1974 ብሮድዌይ ገቡ፤ በ1975 ካኒና ንቾና የምርጥ መሪ ተዋናይ የቶኒ ሽልማትን በጋራ ወሰዱ። አፓርታይድን መቃወም የምዕራቡ ቴአትር ተመልካች ኅሊና በነበረበት ዘመን ሽልማቱ የጥበብ ነው ወይስ የአጋርነት? ከፊሉ አጋርነት እንደነበረ አልክድም። ግን ተውኔቱ የተጠላበትን ቦታም እንይ። ካኒ ከዚያ ድል በኋላ አገሩ ሲመለስ በፖሊሶች ክፉኛ ተደብድቦ ግራ ዓይኑን አጥቷል። በጥቅምት 1976 ደግሞ ትራንስካይ ውስጥ ባተርወርዝ ላይ «ሲዝዌ»ን ካሳዩ በኋላ ሁለቱም ታስረው በለንደንና በኒው ዮርክ በተነሣ ጩኸት ተፈቱ። መፈክር ብቻ የሆነ ተውኔት እንዲህ አያስፈራም፤ በዚያ ዘመን መፈክር በየግድግዳው ነበር። ያስፈራው ሰዎቹ እውነተኛ መስለው መቆማቸው ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን ጊዜ ነው። ሕጉ ተሽሮ፣ የይለፍ ደብተሩ የሙዚየም ዕቃ ከሆነ በኋላ በ2000 «ደሴቲቱ» በለንደን ናሽናል ቴአትር እንደገና ታየች፤ «ሲዝዌ ባንዚ»ም በ2007 እዚያው ለንደን፣ በ2008 ኒው ዮርክ ተመለሰ። ያው ሁለቱ ሰዎች፣ አሁን በዕድሜ ገፍተው፣ ያንኑ ሚና ያዙ። ጠላቱ የሌለ ፖለቲካ አዳራሽ አይሞላም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የደራሲነት ጉዳይ ነው። ተውኔቶቹ ለረጅም ጊዜ በሰው አፍ የፉጋርድ ተውኔቶች ተብለው ቆይተዋል፤ ካኒ የነጭ ደራሲ ቃል ተናጋሪ ነበር የሚሉም አሉ። የታተመው ሰነድ ይህን አይደግፍም። በ1974 በወጣው መጽሐፍ «ሲዝዌ ባንዚ» እና «ደሴቲቱ» የሦስቱም ስም አለባቸው። በእርግጥ የፉጋርድ ድርሻ ትልቅ ነው፤ መዋቅሩን የያዘ፣ ከተሠራው ውስጥ የሚቀረውንና የሚወጣውን የለየ እሱ ነው። የፎርድ ፋብሪካው ሳቅ፣ የይለፍ ደብተሩ ፍርሃት፣ የኒው ብራይተን አነጋገር ግን ከነጭ ጸሐፊ ጠረጴዛ ሊመጣ አይችልም። በተዋናይነትና በደራሲነት መካከል ያለው ድንበር እዚህ ቤት ውስጥ ፈርሷል፤ የካኒን ሥራ ስንመዝን «ሚናውን እንዴት ተጫወተው» ብሎ መጠየቅ ብቻ የማይበቃው ለዚህ ነው። ሚናው ራሱ በእሱ አካል ላይ የተሠራ ነው።

የራሱ ያልሆነ ቃል ሲሰጠውስ? በ1985 ኬፕ ታውን ባክስተር ቴአትር የስትሪንድበርግን «ሚስ ጁሊ» ሲሠራ አሽከሩን ዣንን ተጫወተ፤ እመቤቲቱን የያዘችው አፍሪካነሯ ሳንድራ ፕሪንስሉ ነበረች። በነጭና በጥቁር መካከል ፍቅርን ወንጀል ያደረጉት ሕጎች የተሻሩት በዚያው ዓመት ሲሆን ሁለቱ መድረክ ላይ ሲሳሳሙ ብዙ ተመልካች ተነሥቶ ወጣ። ታሪክ የያዘው ያን መሳም ነው፤ እኔን ግን የሚጫወተው ሰው ዣን መሆኑ የበለጠ ይገርመኛል። ዣን ጀግና አይደለም። በእመቤቲቱ ፊት የሚሽቆጠቆጥ፣ ዞር ስትል የሚንቃት፣ በመጨረሻም ለጥፋቷ እጁን የሚሰጥ ሰው ነው። የነጻነት ትግል ፊት ሆኖ የታወቀ ጥቁር ተዋናይ፣ አገሩ በምትነድበት ዓመት፣ እንዲህ ያለ የማያኮራ ሰው ሳያስጌጥ መጫወቱ ለሙያው ያለውን ታማኝነት ያሳያል። ከሁለት ዓመት በኋላ በጆሃንስበርግ ማርኬት ቴአትር በጃኔት ሱዝማን አዘጋጅነት ኦቴሎን ሠራ። ኦቴሎን በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም ያወቀው የእኛ አንባቢ ሚናው ምን ያህል የቃል ግርማ እንደሚፈልግ አያጣውም። አንዳንድ ተቺዎች ካኒ የሼክስፒርን ስንኝ እንደ አገሬው አይወጣውም ብለዋል፤ በንግግሩ ውስጥ ኮሳ እንደሚሰማ እኔም አልክድም። ይሁን እንጂ ኦቴሎ በቬኒስ ውስጥ ባዕድ ነው። ቋንቋቸውን ከእነሱ አሳምሮ የሚናገር፣ ግን የእነሱ ያልሆነ ሰው ነው። ያ ቅላጼ ሚናው የጠየቀው ነገር ነበር፤ በለንደን ድምፅ ቢናገረው ግማሹ ኦቴሎ ይጠፋ ነበር።

አሁን ወደ ፊልሙ። ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ እዚህ ነው፤ የካኒ የፊልም ሚናዎች አብዛኛዎቹ ትንንሽ ናቸው፣ ብዙዎቹም የተለመዱ ናቸው። ጥበበኛው አዛውንት፣ መንገድ መሪው፣ ንጉሡ። በ1978 በወጣው «ዘ ዋይልድ ጊስ» ከሪቻርድ በርተንና ከሮጀር ሙር ጋር ቅጥረኛ ወታደር ሆኖ ተጫውቷል፤ ነጭ ቅጥረኞችን የሚያሞግስ፣ በአፓርታይድ ዘመን ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተቀረጸ ፊልም ነው፤ ከታሪኩ ጋር አብሮ የማይሄድ ምርጫ እንደነበር መናገር ይገባል። ሚናውም ለሙያው የሰጠው ቦታ የለም። ሌሎቹን ግን በአንድ ወንፊት መንፋት ስሕተት ነው። በ1992 «ሳራፊና!» ውስጥ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነው፤ በተማሪዎቹና በመንግሥት መካከል የተጣበቀ ሰው። ሚናው ጥቂት ገጽ ነው፤ ሆኖም ፈሪ ብሎ ለማለፍ ያስቸግራል፤ ፊቱ ላይ የሚታየው ልጆቹን ከሞት ለማትረፍ የሚፈልግ ሰው ጭንቀት ነውና። በ1996 «ዘ ጎስት ኤንድ ዘ ዳርክነስ» ደግሞ የበለጠ ያስተምራል። በ1898 ኬንያ ጻቮ ላይ የባቡር ሐዲድ ሠራተኞችን የበሉ ሁለት አንበሶች ታሪክ ነው፤ ኮከቦቹ ቫል ኪልመርና ማይክል ዳግላስ ናቸው። በወረቀት ላይ የካኒ ሳሙኤል የነጮቹ ረዳት ነው። ፊልሙ የሚከፈተውም የሚዘጋውም ግን በእሱ ትረካ ነው። ታሪኩን የሚያውቀው፣ ለእኛ የሚያስረክበን እሱ ስለሆነ ሁለቱ ኮከቦች በሳሙኤል ትዝታ ውስጥ ያሉ እንግዶች ይሆናሉ። ስታይልስ በፎርድ ፋብሪካ ታሪክ ውስጥ አለቃውን ያስገባው በዚሁ መንገድ ነበር። ሌሎቹ ሲናገሩ ደግሞ ካኒን ተመልከቱት። ኒው ብራይተን አዳራሽ ውስጥ የተማረው ማዳመጥ እዚህ ካሜራው ይዞታል፤ ዳግላስ ሲፎክር ሳሙኤል ያለ ቃል የሚሰጠው መልስ ትዕይንቱን ያስተካክለዋል።

ስለዚህ ሚናዎቹ ትንንሽ መሆናቸውን እቀበላለሁ፤ ትንሽነታቸው የሙያው ዝቅታ ነው የሚለውን ግን አልቀበልም። የትልቁ ሲኒማ ኢንዱስትሪ ለጥቁር አፍሪካዊ ተዋናይ ሲሰጥ የኖረው ቦታ ጠባብ ነው፤ ይህ የኢንዱስትሪው ተጠያቂነት ነው። ጠባብ ቦታ ውስጥ ተዋናዩ ምን አደረገ የሚለው ሌላ ጥያቄ ሲሆን በዚህ ካኒ የሚያፍርበት ነገር ጥቂት ነው። በ«ሲቪል ዋር» የኮሳው ሐሳብ የመጣው ገጹ ላይ ከተጻፈው በላይ ስለ ሰውዬው ያሰበ ተዋናይ በመገኘቱ ነው፤ ንጉሥ ከሆነ አገር አለው፣ አገር ካለው ቋንቋ አለው። በ«ብላክ ፓንተር» ወጣቱን ትቻካ የተጫወተው የገዛ ልጁ አታንድዋ ካኒ ነው። በምናባዊ አገር ላይ እውነተኛ ቋንቋ መለጠፍ ጌጥ ነው የሚል ሰው ሊኖር ይችላል፤ በሆሊውድ አፍሪካውያን ትርጉም በሌለው ጩኸት ሲናገሩ ለአሥርተ ዓመታት ያየ ተመልካች ግን ልዩነቱን ይረዳዋል።

መሪ ሚና ሲያገኝ ምን እንደሚሆን ለማየት ራሱ የጻፈውን ማየት ነው። በ2002 የደረሰው «ከእውነት በቀር» የተሰኘ ተውኔት መነሻው በ1985 በፖሊስ የተገደለው ታናሽ ወንድሙ ነው። ካኒ ግን ስለ ሰማዕት አልጻፈም። የጻፈው ሲፎ ማካያ ስለተባለ የኒው ብራይተን ረዳት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነው፤ ዕድሜው 63፣ ዋና ኃላፊነቱን የሚጠብቅ፣ በመጨረሻም የሚነፈግ። በስደት የሞተው ዝነኛ ወንድሙ አመድ ከለንደን ሲመጣለት፣ ሕይወቱን ሁሉ የወሰደበትን ያን ወንድም ይቅር ማለት አልሆንለት ይላል። አገሩ በእውነትና ዕርቅ ኮሚሽን ስለ ይቅርታ በምታወራበት ሰዓት፣ ሲፎ ስለ ልጅነት መጫወቻውና ስለ ቅናቱ ያወራል። ካኒ በ2008 ይህን ራሱ አዘጋጅቶ፣ ራሱ ሲፎን ተጫውቶ ወደ ፊልም አመጣው። በ2009 በዋጋዱጉ የፌስፓኮ ፌስቲቫል የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» የወርቁን ፈረስ ሲወስድ፣ የብሩን ፈረስ የወሰደው ይህ የካኒ ፊልም ነበር። ሁለቱ ፊልሞች አጠገብ ለአጠገብ መቆማቸው ተገቢ ይመስለኛል፤ ሁለቱም ከትልቅ የታሪክ ማዕበል የተረፈ ሰው ከማዕበሉ በኋላ ቤቱ ሲገባ ምን ይገጥመዋል ብለው ይጠይቃሉ። ሲፎን ሲጫወት ካኒ ያደረገው ነገር ከስታይልስ ተቃራኒ ነው። ብዙ ሰው የነበረው አካል አሁን አንድ ሰው ብቻ ይዟል፤ ኮቱን በሥርዓት የሚቆልፍ፣ ንዴቱን ለሠላሳ ዓመት የዋጠ። ብዙ ሰው መሆን የለመደ ተዋናይ አንዱን ብቻ ለመያዝ መቻሉም የሁለገብነቱ አካል ነው።

በ2009 ባክስተር ቴአትርና የእንግሊዙ ሮያል ሼክስፒር ኩባንያ በጋራ ባዘጋጁት «ዘ ቴምፔስት» ካሊባንን ሲሠራ፣ ፕሮስፔሮን የያዘው በኬፕ ታውን የተወለደው ነጭ ተዋናይ አንቶኒ ሼር ነበር። ሁለቱ በ2019፣ የደቡብ አፍሪካ ዲሞክራሲ 25 ዓመት በሞላበት ወቅት፣ ካኒ በጻፈው «ኩኔኔ እና ንጉሡ» በስትራትፎርድ እንደገና ተገናኙ። ሼር የሚጫወተው ሊሞት የቀረበ፣ «ንጉሥ ሊር»ን ሳይጫወት መሞት የማይፈልግ አረጋዊ ተዋናይ ነው፤ ካኒ ደግሞ ቤቱ ድረስ መጥቶ የሚያስታምመውን ነርስ ሉንጋ ኩኔኔን። ነርሱ ሼክስፒርን የሚያውቀው ከአንድ ተውኔት ብቻ ነው፤ በጥቁሮች ትምህርት ቤት በኮሳ ከተማረው «ጁሊየስ ቄሳር»። ካኒም በልጅነቱ የተማረው ይህንኑ ትርጉም ነው። እናም በሼክስፒር የትውልድ ከተማ፣ በራሱ ኩባንያ መድረክ ላይ፣ የነርስ ልብስ የለበሰው ሰውዬ የማርክ አንቶኒን ንግግር በኮሳ ይጀምራል። አብዛኛው ተመልካች አንዲት ቃል አያውቅም። ግን ሮማን፣ አስከሬኑን፣ የሚሰማውን ሕዝብ ያያል፤ ከፊቱ የቆመው ግን ያው ነርሱ ነው፣ ልብሱንም አልለወጠም።